የባቡሩ ኩሬ ጾመኛ ዳክዬ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ሰው ሁሉ ይጠላል። እኔን ግን መስቀል መስቀል ይለኛል። ስሜ ሰይድ ነው፤ አባቴም እናቴም ከወሎ የመጡ እስላሞች ናቸው፤ እኔም አምስት ወቅት የምሰግድ ሰው ነኝ። ቢሆንም መስቀል መስቀል ይለኛል። ምን ላድርግ።

ባለፈው ሰሞን ሰመራ ልጄ ቤት ከርሜ ነበር። ከቤቷ ፊት ለፊት የከባድ መኪና ዘይት የሚቀይሩበት ቦታ አለ። ሰመራ ዝናብ ብርቅ ነው፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሳይታሰብ ጣለ። መሬት ላይ የፈሰሰውን አሮጌ ዘይት ዝናቡ ሲመታው ሽታው ተነሥቶ እኔ ከተቀመጥኩበት በር ድረስ መጣ። ልጄ መስኮቱን ልትዘጋ ተነሣች። ተይው አልኳት።

«ምኑን ልተወው አባባ፤ ይሸታል እኮ።»

ይሽተት አልኳት። እሷ ከየት ታውቀዋለች። ሰመራም አታውቀውም፤ እኔ የምነግራችሁ ዘመን ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ነበር። እንግዲህ ለልጄ ብዬ ጻፍኩት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ፊደሉ ቢንጋደድ አትታዘቡኝ። ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

እኔ የአዋሽ ጣቢያ ልጅ ነኝ። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ከነመዶሻው ወደ ድሬዳዋ በኩል ከወጣ ሳምንትም ይቆያል፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። እናቴ ፋጤ ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበራት። ሻይ ቤት ስላችሁ አራት ቋሚ እንጨት፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው። ጎረቤቱ ገሚሱ ክርስቲያን፣ ገሚሱ እስላም ነው፤ ሁሉም እንጀራው ከባቡር ነው። ባቡሩ ሲገባ አብረን እንሮጣለን፣ ሲዘገይ አብረን እንሳደባለን።

ከጣቢያው ጀርባ የባቡሩ ኩሬ የምንለው ውኃ ነበር። ባቡር በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን ለእሱ ተብሎ የተቆፈረ ነው ይላሉ። በእኔ ጊዜ ባቡሩ ናፍጣ ስለሚጠጣ ኩሬውን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ ዳር ዳሩን ፊላ ወርሶታል። ከጎኑ የፓምፕ ቤቱ አለ። ፓምፑ ከገደሉ ሥር ከአዋሽ ወንዝ ውኃ እየሳበ ለጣቢያውና ለሠራተኛው ቤት ይሰጣል። ከታንከሩ የሚተርፈው ውኃ ደግሞ በወፍራም ቧንቧ እየተንፎለፎለ ኩሬው ውስጥ ይወድቃል። ይህን ቧንቧ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የፓምፕ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ታፈሰ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻው ላይ ሁልጊዜ ዘይት የጠጣ ጨርቅ የሚጥል ሰው። ፓምፗን እንደ ሴት ነው የሚጠራት፤ ሕመሟን የሚያውቀውም በጆሮው ነው። ዛሬ ጉሮሮዋን ይዟታል፣ ዛሬ ደስ ብሏታል ይላል። እናቴ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በፔርሙስ ሻይ አስይዛ እሱ ዘንድ ትልከኛለች። የእኔ ሥራ ይኸው ነበር።

ያን ዓመት ሮመዳን ክረምቱ ማለቂያ ላይ ገባ። ቀበሌ የሚባለው ነገር ገና አዲስ የነበረበት ጊዜ ነው። እኔ የምጾመው እስከ እኩለ ቀን ነው፤ እናቴ የልጅ ጾም በቂ ነው ብላኛለች። ጋሽ ታፈሰ ግን ይህን አያውቅም። ጾመኛ ፊት ሻይ አልጠጣም ብሎ ፔርሙሱን ተቀብሎኝ ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ይሄዳል፤ እዚያ ተደብቆ ይጠጣል። እኔ ደግሞ የከሰዓቱን ሻይ ሳደርስለት ሆዴ በሳምቡሳ ተነፍቶ፣ ከንፈሬን አድርቄ በጾመኛ ፊት እጠብቀዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ስሄድ ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት። «ታማለች» አለኝ። ጆሮዬን አቅና አለኝና አቀናሁ። እውነትም ከፓምፑ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ ፕርርርርር ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ፕርርርርር። ኩሽኔታዋ ሄዷል አለ ጋሽ ታፈሰ። ፓምፗን አጠፋና መፍታት ጀመረ።

ጣቢያው ሙሉ ውኃ ተቋረጠ። ሴቶች ባዶ ቆርቆሮ ይዘው ተሰለፉ። የጣቢያው ሹም መጥቶ ጮኸ፤ ጋሽ ታፈሰ ቀና ብሎም አላየው። ብሎኑን፣ ጎማውን፣ ኩሽኔታውን አንድ በአንድ እያወጣ፣ በነጭ ጋዝ እያጠበ ጆንያ ላይ ደረደረው። ኩሽኔታውን በጣቱ አሽከረከረው፤ ደህና ነው። ጥርሱን አየው፤ ደህና ነው። ፓምፗ እንዲህ ተበታትና ጆንያ ላይ ተኝታ ሳለች ነው እንግዲህ፣

ፕርርርርር።

ሁላችንም ዞር አልን። ኩሬው መሀል አንድ ዳክዬ አለ። ገላው እንደ ገል ቀይ፣ ራሱ ጥቁር፣ አፉ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ስላችሁ እንደ መስኮት ቀለም ሰማያዊ። ጭራውን እንደ መጥረጊያ ቀጥ አድርጎ አቁሞታል። አንገቱን ነፋና እያየነው ፕርርርርር አለ። ከጎኑ አንዲት ቡናማ እንስት አለች፤ እሷ እንኳን ዞር ብላ አላየችውም።

ከቆርቆሮው ሰልፍ አንዷ ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሹሙ ራሱ። ጋሽ ታፈሰ ኩሽኔታውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ መከራውን አበሉት። ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ፣ «ጋሽ ታፈሰ፣ ዳክዬው ዘይት ይቀየርለት?» ይለዋል። እናቴ እንኳን ሻዩን ስትሰጠኝ ለዳክዬው ሐኪም አድርስ ትለኝ ነበር። እሱም ለአንድ ሳምንት ያህል ዳክዬዎቹን እንደ ጠላት ነበር የሚያያቸው።

እኔ ግን ፍዝዝ ብዬ ቀረሁባቸው። ሌላው ዳክዬ ቂጡን ሽቅብ አድርጎ ነው የሚለቅመው፤ እነዚህ ግን ከነጭራቸው ጥልቅ ይላሉ። ማዕበል የለ፣ ድምፅ የለ፤ ውኃው ይውጣቸዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንስቷ ጥልቅ አለችና ጠበቅኳት። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኳት። የእኔ ትንፋሽ አለቀ፣ እሷ የለችም። ሰጠመች ብዬ ከነልብሴ ገባሁ። ዋና አልችልም። ጭቃው እስከ ወገቤ ያዘኝ፤ ጮህኩ። ጋሽ ታፈሰ ሮጦ መጥቶ ረጅም ብረት አቀበለኝና ጎትቶ አወጣኝ። ስወጣ እንስቷ በወዲያኛው ዳር ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«ይህን ያህል ጊዜ የት ሄዳ ነው?» አልኩት።

እሱ ጫማውን ከጭቃ እያጠበ ስለነበር ተናዶ፣ «አዋሽ ደርሳ መምጣቷ ነው» አለኝ።

አመንኩት። ጋሽ ታፈሰ የውኃ ሰው ነዋ። ቧንቧው ከኩሬው ይጀምራል፣ ፓምፑ ከወንዙ ይስባል፤ እንግዲያ መንገዱ ግልጽ ነው። ዳክዬዋ በቧንቧ ገብታ ገደሉን ወርዳ፣ አዋሽ ላይ ጉዳይዋን ፈጽማ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ጥልቅ ባለች ቁጥር ሮጬ ጆሮዬን ቧንቧው ላይ እለጥፋለሁ። ውስጡ ያጉረመርማል፣ ይንኳኳል። እሰማታለሁ፤ እያለፈች ነው። አንዳንዴ በሰላም ግቢ እላታለሁ።

የጋሽ ታፈሰ ልጅ አልማዝ እኩያዬ ነበረች። በቧንቧው ነገር ተስማምተን ነበር፤ የተጣላነው በሃይማኖቷ ነው። እኔ ዳክዬዋ እስላም ናት አልኩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ስንጠብቅ አንድ ነገር ስትቀምስ አላየናትም፤ ወሩ ደግሞ ሮመዳን ነው። ውኃው ሥር እንደምትበላ እኔ በምን ልወቅ። አልማዝ ደግሞ ክርስቲያን ናት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠመቅ አታይም ወይ አለች። ተጓተትን። ፀጉሬን ያዘችኝ። በመጨረሻ ለጋሽ ታፈሰ ክስ አቀረብን። ሁለታችንንም በጥሞና ሰማንና፣

«የባቡር ሠራተኛ ናት» ብሎ ፈረደ። «አሁን ሂዱልኝ።»

እናቴ ስትሰማ ሳቋ አላባራ አለ። እንግዲያ የምትጾም ከሆነ ማታ የሚያስፈጥራት ማን አላት ብላ የሳምቡሳ ፍርፋሪ ቋጠረችልኝ። አዛን ሲል ወስጄ ወረወርኩላት። አልቀመሰችውም። ሥጋ ስለሌለበት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እኔም ምስር ያለበትን አልወደውም ነበር።

ወተት የሚያመጣልን አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበር። እናቴ ስለ ዳክዬው ስታወራለት እሱን አልገረመውም። ወደ ታች በአዳይቱ በኩል ባለው ረግረግ አልፎ አልፎ አያቸዋለሁ፣ ሰማያዊ አፍ ያለው ግን ብዙ አይደለም፣ ሰው ሲበዛ ይጠፋል አላት። እኛ ዘንድ መምጣታቸው ግን አሳቀው። «ባቡር ሊሳፈሩ ነው» አለ።

የጋሽ ታፈሰ ልብ የተገለበጠው ጎጆውን ያገኘ ዕለት ነው። ቧንቧውን የዘጋ ቆሻሻ ሊያነሣ ፊላው ውስጥ ገባ፤ ሲወጣ በጣቱ ጫፍ ነው የሚራመደው። ያ ረጅም ሰው ውኃ ውስጥ በጣቱ ጫፍ ሲራመድ ማየት ነበረባችሁ። እኔንና አልማዝን ጠራንና በሹክሹክታ ነገረን። ፊላውን አጉብጣ፣ ጠቅልላ ጎጆ ሠርታለች፤ እንቁላል አለበት። ከዶሮ እንቁላል ይበልጣል፤ እሷ ከዶሮ ታንሳለች፣ እንዴት እንደወጣላት እግዜር ይወቅ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ሆኑ። ሰው ሲያላግጥበት፣ አዎ ፈትቼ ጠግኛታለሁ፣ አንተንም ልፍታህ ወይ ማለት ጀመረ።

ይህን ጊዜ ነው የቀበሌው ነገር የመጣው።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ሽፈራው ይባል ነበር። ከዚያ በፊት የጣቢያው ዕቃ መዛኝ ነበር፤ ሁላችንም ሽፌ ነበር የምንለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ክረምት ወባ አዋሽን አንቀጠቀጣት። እኔም ይዞኝ ነበር፤ ጆንያና ብርድ ልብስ ተደራርቦብኝ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ትዝ ይለኛል። የጓድ ሽፈራው ታናሽ ልጅ ደግሞ ከሞት ነው የተመለሰችው። እንግዲህ ይህ ሰው ልጁን ከጤና ጣቢያ ተሸክሞ ሲመለስ ዓይኑ ኩሬው ላይ ዐረፈ። በማግስቱ በድምፅ ማጉያ ተነገረ፦ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ ፊላውን ያጭዳል፣ ከዚያ ለትንኝ ማጥፊያ የተቃጠለ ዘይት ኩሬው ላይ ይፈስሳል። ዘይቱም በዕቃ ባቡር በትልቅ በርሜል መጥቶ ፓምፕ ቤቱ አጠገብ ቆመ።

ጋሽ ታፈሰ በርሜሉን ሲያይ ሻዩን አልጠጣም። ዘይት የነካው ላባ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ከማሽኑ ሥር ባለው ዘይት ውስጥ የወደቀ ድንቢጥ አይቷል፤ መብረርም መሞቅም አይችልም። ዳክዬዋ ደግሞ ሥራዋ መጥለቅ ነው፤ በጠለቀች ቁጥር ዘይቱን ለብሳ ነው የምትወጣው። ጫጩቶቹ ደግሞ ገና እንቁላል ናቸው።

ሄዶ ሊቀ መንበሩን ለመነው። ወዲያው ተመለሰ። እናቴ ምን አለህ አለችው።

«የእኔ ልጅ ትብለጥ ወይስ ያንተ ዳክዬ አለኝ።»

«ምን መለስክለት?»

«ምን ልመልስ ፋጤ። ልጁ ናት የምትበልጠው።»

እኔ ለቅሶ ጀመርኩ። እናቴ አፍንጫዬን በነጠላዋ ጠረገችና አልማዝንም ጠርታ ውጡና ተጫወቱ አለችን። ከውጭ ሆነን ስናዳምጥ ሲንሾካሾኩ ቆዩና በመጨረሻ ሲስቁ ሰማን። እናቴ እንዲህ ስትስቅ አንድ ነገር አላት።

የመጀመሪያው የዘመቻ ቀን ሰው ከነማጭዱ ወጣ። እናቴ ከሴቶቹ ፊት ቆማ ለጓድ ሽፈራው በትሕትና ነገረችው፤ እስላሙ ጾመኛ ነው፣ በዚህ የአዋሽ ፀሐይ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ፊላ ቢያጭድ ራሱን ይስታል፣ ሥራው ደግሞ ሁሉም እኩል የሚሠራው ነው አይደል አለችው። እኩል የሚለው ቃል ያን ጊዜ ትልቅ ቃል ነበር። ጓድ ሽፈራው ወደ ክርስቲያኖቹ ዞረ። ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣውን አውልቆ ዛሬ አቦ ነው አለ። እውነትም አቦ ነበር። ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

በሌላው ቀን ሥላሴ ሆነ። ከዚያ ጁምዓ መጣ። ከዚያ ሰንበት። ከዚያ ሚካኤል። በፊት ሚካኤልን የማያውቅ ሐዲድ ጠጋኝ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጣ። እስላሙም ቢሆን ከወሎ ያመጣውን የአያቱን የዱዓ ቀን ሳይቀር ከተረሳበት አነሣ። ሰው ሁሉ ስለ ዳክዬ ተጨንቆ ነው አልላችሁም። ገሚሱ ስንፍና ነው፤ ገሚሱ ለሽፌ እልህ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ ነገሩ ስለጣመው ነው። ጠዋት ጠዋት እናቴ ሻይ ቤት በር ላይ ተሰብስበው፣ የነገው የእናንተ ነው የእኛ ይባባላሉ። አንድ ቀን የሁለቱም ጎደለባቸው። ያን ቀን ጋሽ ታፈሰ ማጭዶቹን ሁሉ ልሳልላችሁ ብሎ ሰብስቦ ሲስል ዋለ፤ እስኪመሽ አንዱ እንኳን አልተሳለለትም።

ጓድ ሽፈራው የሞኝ ልጅ አይደለም፤ ገባው። አንድ ጠዋት ድምፅ ማጉያውን ከአፉ አውርዶ እንደ ድሮው ሽፌ ሆኖ ጠየቀን።

«እሺ፣ ከነገ ወዲያስ የማን ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ከነገ ወዲያማ ኢድ ነው ጓድ። በማግስቱ ደመራ ነው» አለ።

ሰው ሊስቅ ሲል ሳቁን ዋጠው። ጓድ ሽፈራው ቁና ቁና ተነፈሰ። እንግዲያ መስቀል ባለፈ በነጋታው፣ ሰማይ ቢደፋ፣ ጻድቅ ቢወርድ፣ ፊላው ይታጨዳል፤ የሚቀር ሰው ስኳር አያገኝም አለ። ስኳሩን የሚያድለው ቀበሌው ነው። ሻይ ቤት ያላትን እናቴን ዐይቶ ነው ይህን ያለው። እናቴም ያን ቀን አልሳቀችም። ጋሽ ታፈሰ እንቁላሎቹ አልተፈለፈሉም አለ፤ እንስቷ ከጎጆዋ የማትነሣ ሆናለች።

ኢድ መጣ። አባቴ ከሐዲድ ተመልሶ አዲስ ቁምጣ አምጥቶልኛል። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች እኛ ቤት በሉ፤ የእነሱን ደግሞ ለብቻ አሳርደን ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። ወንዱ ዳክዬ ያን ቀን ከሰማይ እስከ ምድር ፕርርርር ሲል ዋለ። ለእኔ ኢዱን እያከበረ ነበር።

በማግስቱ ደመራው ከጣቢያው ፊት ተተከለ። እስላሙም እንደ ልማዳችን እንጨት አዋጥቷል፤ አባቴ አሮጌ የሐዲድ አግዳሚ እንጨት ሰጥቷል። ከሰዓት በኋላ ግን ሰማዩ ጠቆረና ሳይታሰብ ወረደ። አዋሽ ላይ መስከረም አጋማሽ እንዲህ ያለ ዝናብ ከስንት አንዴ ነው። ደመራው ራሰ፤ ችቦው ራሰ፤ አበባው ተንጠባጠበ። ዝናቡ ቆሞ ሰው ሲሰበሰብ ቄሱ ባረኩ፣ ጎረምሶቹ ችቦውን አቀረቡ። ጭስ ብቻ። ክብሪት ጫሩ፣ ወረቀት አነደዱ፣ ነፉ። ጭስ ብቻ። እናቶች ፊታቸው ተለወጠ። ደመራ እንቢ ሲል ለዓመቱ ደግ አይደለም ይላሉ፤ እኛ እስላሞቹም ቀርበን እንነፋ ጀመር፤ ዓመቱ የሁላችንም ነው።

ጓድ ሽፈራው ለጸጥታ ነው የመጣሁት በሚል አቋቋም ከዳር ቆሟል። ያን ጊዜ ባለሥልጣን ለሃይማኖት በዓል መጣ እንዲባል አይፈልግም። እናቱ እማማ ብርቄ ግን ከደመራው ሥር ናቸው። ዞር ብለው አዩት። ጓድም ሊቀ መንበርም አላሉትም።

«ሽፌ» አሉት። «ያ ዘይት የምን ነው?»

ጋሽ ታፈሰን አየሁት፤ ጫማውን ነው የሚያየው። እናቴ ሰማዩን ነው የምታየው። ጓድ ሽፈራው የትንኝ ነው እማዬ አለ። እማማ ብርቄ እርጥቡን ደመራ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና ደመራውን አዩ። እሱም አንገቱን አከከ።

«አንድ ጣሳ» አለ። «አንድ ጣሳ ብቻ።»

አባቴ ሮጦ አንድ ጣሳ ቀዳ። ተረጨ። ትንሽ ያዝ አደረገና ጠፋ። ሌላ አንድ ጣሳ አለ አንዱ። ጓድ ሽፈራው እጁን አወዛወዘ፤ ይሁን ማለት ይሁን አይሁን ማለት ማንም አልጠየቀም። ጣሳው ባልዲ ሆነ። ባልዲው ሁለት ባልዲ ሆነ። ከዚያ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ በርሜሉ ራሱ እየተንከባለለ መጣ። ሐዲድ ጠጋኞቹ ሐዲድ ሲያነሡ እንደሚሉት «ሆ! በል!» እያሉ፤ እስላም ክርስቲያኑ ትከሻውን ሰጥቶ፤ ጋሽ ታፈሰ ደግሞ ከፊት እየሮጠ ድንጋይ እየለቀመላቸው። ገለበጡት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ነው ያራገፉት። ልጄ የጠላችው ሽታ፣ የእርጥብ አፈርና የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ ይኸው ነው።

ችቦው ሲነካው ደመራው «ቡፍ» ብሎ ተነሣ። እሳቱ የጣቢያውን ጣሪያ አለፈ። ጥቁር ጭስ ነው፤ ቄሱ ሳይቀሩ አፍንጫቸው ጥላሸት ሆነ። እልልታው ቀለጠ። እናቴ እልል ስትል አባቴ ዞር ብሎ አያት፤ እሷም አየችው፤ ከዚያ አብሯት ሳቀ። አልማዝ ጆሮዬ ላይ «ዘይቱ አለቀ! ዘይቱ አለቀ!» ትላለች። እኔ ገና ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለደመራው ብቻ ነበር የተደሰትኩት። ጓድ ሽፈራው እሳቱ ፊቱ ላይ እየተጫወተ ባዶውን በርሜል ሲያይ ቆየና ጋሽ ታፈሰን፣ «አንተ ነህ ያዘነብከው?» አለው።

መስቀል ባለፈ በነጋታው ማንም በዓል አለኝ አላለም። ስኳሩን ፈርተን አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞን ነው። የጓድ ሽፈራው ልጅ መታመሟ እውነት ነው፣ ወባውም እውነት ነው። ኩሬውን ትተን በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለውን ጉድጓድ፣ ዝናብ ያቆረውን ረግረግ፣ የተጣለ ጣሳና ጎማ ሁሉ ለቀምን፣ በጠጠር ደፈንን። ትንኙ የበዛው እዚያ ነበር። እንዲህ ያለ ዘመቻ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ እናቴ ሻይ በነፃ ታድል ነበር። ፊላው ሳይታጨድ ቀረ። ሌላ በርሜል ተጠየቀ ይባላል፤ ከድሬዳዋ የሚመጣ ነገር መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ጫጩቶቹ የወጡት በዚያው ሰሞን ነው። ጠዋት ሻይ ይዤ ስሄድ ጋሽ ታፈሰ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። እንስቷ ከፊላው ወጥታ ትዋኛለች፤ ከኋላዋ ጥቋቁር የጥጥ ኳስ የመሰሉ ልጆቿ ተከትለዋታል። እናታቸው ጥልቅ ስትል እነሱም ተራ በተራ ጥልቅ፣ ጥልቅ፣ ጥልቅ አሉ። በተወለዱ በማግስቱ! ኩሬው ባዶ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ቡፍ፣ ቡፍ እያሉ በሌላ በኩል ብቅ አሉ። ጋሽ ታፈሰ ያን የዘይት ጨርቁን አንሥቶ ዓይኑን ጠረገ፤ ከዚያ ፊቱ ሁሉ ጥቁር ሆነ።

ጓድ ሽፈራው ወሬውን ሰምቶ መጣ። ታናሽ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጧታል፤ ገና ከስታ ነበር። ወገቡ ላይ የታጠቀውን ሽጉጥ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ይህ ሁሉ ለዚህች ነው አለ። ትንሿ ልጅ በጣቷ እያመለከተች ሳቀች። እንስቷ ሁላችንንም አየችንና ከነልጆቿ ጥልቅ አለች።

ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን የሆንኩትን ሆነ። ከድንጋዩ ብድግ አለ።

«የት ሄደች?»

«አዋሽ ናት» አልኩት። «በቧንቧው ነው የምትሄደው። ጆሮህን ብታደርግ ትሰማታለህ።»

ጋሽ ታፈሰን አየው። ጋሽ ታፈሰ በከባድ ፊት ራሱን ነቀነቀ። ጓድ ሽፈራው ልጁን ከትከሻው አወረደ፤ ቆቡን አውልቆ ለእኔ አስያዘኝ፤ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጠፈ። ልጁም አጠገቡ ተንበርክካ ለጠፈች። ውስጡ ያጉረመርማል፣ ይንኳኳል።

«አባዬ፣ ትሰማለህ?» አለችው።

ዓይኑን ጨፈነ።

«ዝም በይ» አላት። «እየመጡ ነው።»